የአንባቢያን ጥያቄ፦ እንቅልፍ እንቢ እንዳይለኝ እየፈራሁ ይነጋብኛል

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ። 34 ዓመቴ ሲሆን በአንድ የግል ባንክ ገንዘብ ከፋይ ነኝ። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር የምንኖረው በኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ቤት ውስጥ ነው። ከአምስት ወር በፊት እናቴ ታምማ እኛ ዘንድ በነበረችበት ጊዜ ሌሊት ሌሊት እየተነሣሁ መድኃኒት እሰጣት ስለነበር እንቅልፌ ተዛባ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናቴ ድና ወደ አገሯ ተመልሳለች፤ የእኔ እንቅልፍ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ከእንቅልፍ ማጣቱ ይልቅ ፍርሃቱ ነው። ገና ራት ሳቀርብ «ዛሬስ እተኛ ይሆን?» እላለሁ። ይሻለኛል ብዬ በ3 ሰዓት ጋደም ስል ልቤ መምታት ይጀምራል፤ ሽልብ ሊያደርገኝ ሲል ደግሞ ከገደል የወደቅሁ ያህል ብንን እላለሁ። ስልኬን አይቼ ከሌሊቱ 8 ሰዓት መሆኑን ሳውቅ እስኪነጋ የቀረኝን ሰዓት መቁጠር ነው። ገንዘብ አሳስቼ ጉድለቱን ከደመወዜ ብከፍልስ የሚለው ሐሳብም አይለቀኝም። ዳዊት እደግማለሁ፤ እሱም «እባክህ አስተኛኝ» ማለት ብቻ ሆኖብኛል። የባለቤቴ እኅት የሰጠችኝን ዲያዜፓም የተባለ የሚያረጋጋ መድኃኒት ጥቂት ቀን ወስጃለሁ፤ እንዳይለምድብኝ ፈርቼ ተውኩት። ጎረቤቴ ደግሞ እንቅልፍ ያጣ ሰው መጨረሻው እብደት ነው ብላኛለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ስሜ አይጠቀስ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ የችግርዎን ሥር ራስዎ ነግረውናል፤ የሚያስጨንቅዎ ፍርሃቱ ነው። እንቅልፍዎን መጀመሪያ ያዛባው የእናትዎ ሕመም ነበር፤ ያ ምክንያት ዛሬ የለም። ዛሬ እንቅልፍዎን የሚያባርረው እንቅልፍ ለማምጣት የሚያደርጉት ጥረት ነው። ሰው ለእንቅልፍ ሊዘጋጅለት ይችላል እንጂ አስገድዶ ሊያመጣው አይችልም፤ «አሁን መተኛት አለብኝ» ባሉ ቁጥር ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ አእምሮም «ወሰደኝ ወይስ አልወሰደኝም?» እያለ ራሱን ይጠብቃል፤ ራሱን የሚጠብቅ አእምሮ ደግሞ አይተኛም።

አስቀድሜ ጎረቤትዎ ያሉትን ላንሣ፤ ምክንያቱም ይህ ፍርሃት ሳይነሣ የቀረው ምክር አይሰምርም። እርስዎ የገለጹት ዓይነት የእንቅልፍ ማጣት ያደክማል፣ ያበሳጫል፣ ትኩረትንም ይቀንሳል፤ ሰውን ግን አያሳብድም። ሽልብ ሲያደርግዎ የሚያባንንዎም ነገር በሽታ አይደለም። ሰውነት ከንቃት ወደ እንቅልፍ ሲሻገር ጡንቻ በድንገት መኮማተሩ በብዙ ጤነኛ ሰው ላይ የሚታይ ሲሆን፣ ድካም፣ ጭንቀትና ቡና ያባብሱታል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ «ሊወስደኝ ነበር ማለት ነው» ብለው ይለፉት።

አሁን በ3 ሰዓት መተኛትዎን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1982 ተመራማሪው አሌክሳንደር ቦርቤሊ እንዳስረዳው፣ እንቅልፋችንን የሚገዙት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ነቅተን በቆየንበት ሰዓት ልክ እየተከማቸ የሚሄድ የእንቅልፍ ግፊት ሲሆን፣ ሁለተኛው ቀንና ሌሊትን የሚለይ የሰውነት የውስጥ ሰዓት ነው። ያመለጠኝን ላካክስ ብሎ በጊዜ አልጋ ላይ የሚወጣ ሰው ግፊቱ ሳይሞላ ስለሚተኛ ብዙውን ሰዓት በንቃትና በጭንቀት ያሳልፋል። ይህ ለሳምንታት ሲደጋገም አልጋው ራሱ ልብ የሚያስመታ ቦታ ይሆናል። ሶፋ ላይ ቴሌቪዥን እያዩ እንቅልፍ ሲጥልዎ ቆይቶ አልጋ ሲነኩ ንቅት የሚሉበት ጊዜ ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ስለዚህ የምመክርዎ ከለመዱት ተቃራኒ ነው፤ አልጋ ላይ የሚቆዩበትን ጊዜ ያሳጥሩት። ይህን መንገድ የእንቅልፍ ተመራማሪው አርተር ስፒልማንና የሥራ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 አቅርበውት ዛሬም ይሠራበታል። አሁን በ3 ሰዓት ጋደም ብለው ጠዋት 12 ሰዓት ይነሣሉ እንበል፤ 9 ሰዓት መሆኑ ነው። ከዚህ ውስጥ በትክክል የሚተኙት ወደ 6 ሰዓት የሚጠጋ ከሆነ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል ከሌሊቱ 6 ሰዓት በፊት አልጋ ላይ አይውጡ፤ ሌሊቱ ምንም ዓይነት ቢሆን፣ እሑድም ቢሆን፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይነሡ፤ ቀን ላይም አያንቀላፉ። የሚተኙት ከዚህ ያነሰ ቢመስልዎም አልጋ ላይ የሚቆዩበትን ጊዜ ከ5 ሰዓት በታች አያውርዱት። አልጋ ላይ ከሚቆዩበት ጊዜ ከመቶ 85 ያህሉን መተኛት ሲጀምሩ በየሳምንቱ 15 ደቂቃ እየጨመሩ ይሂዱ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ መሆናቸውን አልደብቅዎትም፤ ቀን ላይ እንቅልፍ ይጫጫንዎታል። ለዚህም ነው በደመወዝ ሰሞን፣ ወረፋው በሚበዛበት ጊዜ፣ እንዳይጀምሩ የምመክርዎ። መኪና የሚያሽከረክሩ ከሆነ በእነዚያ ቀናት ይተዉት። የሚጥል በሽታ ወይም ባይፖላር የተባለው የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር ሴት፣ ይህን ያለ ሐኪም ክትትል መሞከር የለባቸውም።

አልጋ ላይ ሆነው 20 ደቂቃ ያህል እንዳለፈ ሲገምቱ (ሰዓት ሳያዩ፣ በግምት ብቻ) ይነሡ። ይህ የሥነ ልቦና ባለሙያው ሪቻርድ ቡትዚን እ.ኤ.አ. በ1972 ካቀረበው ስልት የተወሰደ ነው። ምክሩ አብዛኛውን ጊዜ «ወደ ሌላ ክፍል ይሂዱ» ይላል፤ በስቱዲዮ ቤት፣ ልጆች አጠገብ ተኝተው፣ ሌላ ክፍል ከየት ይመጣል? በኩሽናው በኩል አንድ መቀመጫና ጋቢ፣ ወደ ግድግዳ የዞረ ትንሽ መብራት ከማታው ያዘጋጁ። እዚያ ተቀምጠው ዳንቴል ይሥሩ ወይም የልጆቹን ልብስ ይጣፉ፤ ስልክ ግን አይንኩ። ዓይንዎ መከደን ሲጀምር ይመለሱ፤ ካልወሰደዎ እንደገና ይነሡ። ቀን ላይ አልጋውን በአልጋ ልብስ ሸፍነው መብልም፣ የገንዘብ ሒሳብም፣ ስልክም እዚያ ላይ እንዳይሆን ያድርጉ። መቀመጫው ሁሉ አልጋ በሆነበት ቤት ይህ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢያንስ የእርስዎ የመኝታ ጎን ይከበር።

ልብዎ መምታት ሲጀምር የሚረዳ አንድ ሌላ መንገድ አለ፤ የቪየናው የአእምሮ ሐኪም ቪክቶር ፍራንክል ከተጠቀመባቸው ስልቶች አንዱ ነው። መብራት አጥፍተው፣ በምቾት ተጋድመው፣ ዓይንዎን ገልጠው «ትንሽ ነቅቼ ልቆይ» ይበሉ። ለመንቃት የሚደረግ ሙከራ ለመተኛት የሚደረገውን ትግል ስለሚያስቆመው ፍርሃቱ ይላላል። ዳዊት መድገምዎንም አይተዉ፤ ነገር ግን ከመኝታ ሰዓት ቀደም ብለው፣ እንቅልፍን ሳይለምኑበት፣ ለጸሎቱ ሲሉ ብቻ ይድገሙት። የገንዘብ ጉድለቱን ጉዳይ ደግሞ ከራት በፊት ወረቀት ላይ ይጻፉት፤ ባለፉት አምስት ወራት በእርግጥ ስንት ጊዜ ጉድለት እንደመጣብዎ አጠገቡ ያስፍሩ። በሌሊት የሚፈሩትና በቀን የደረሰው ምን ያህል እንደሚራራቁ በራስዎ እጅ ጽሑፍ ቢያዩት ይሻላል። ከባድ ሌሊት ባለፈ ማግሥት ብሩን ሁለት ጊዜ መቁጠርም ተገቢ ጥንቃቄ ነው።

ስለ ቡና በደብዳቤዎ አልነገሩንም። ከቀኑ 10 ሰዓት ከተጠጣ ቡና ውስጥ ካለው ካፌይን ግማሽ ያህሉ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ በአብዛኛው ሰው ደም ውስጥ ይገኛል፤ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል በምትወስድ ሴት ላይ ደግሞ ከዚያም በላይ ይቆያል። ቡና ማፍላትዎን ወደ ጠዋት ያምጡት፤ እንግዳ መጥቶ ከሰዓት በኋላ ቢፈላም ሌሎቹ ከአቦል እስከ በረካ ይጠጡ፣ እርስዎ በጨዋታው ይካፈሉ።

ዲያዜፓሙን መተውዎ መልካም ነው። ለሌላ ሰው የታዘዘ መድኃኒት መውሰድ አይገባም፤ ዲያዜፓም ደግሞ ሲዘወተር ሰውነት ይለምደውና ያለ እሱ መተኛት ያስቸግራል። ለሳምንታት በየቀኑ የወሰደ አንባቢ ካለ በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ስለሆነ በሐኪም እየተመራ ቀስ በቀስ ይቀንስ። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ለሥር ሰደድ የእንቅልፍ ማጣት በቅድሚያ እንዲሰጥ ያሳሰበው ከላይ የዘረዘርናቸውን ስልቶች የያዘውን የሥነ ልቦና ሕክምና እንጂ መድኃኒት አይደለም።

በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ፣ ለሦስት ወር የቆየ እንቅልፍ ማጣት ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ የእርስዎ ይህን ጊዜ አልፏል። ማታ ማታ እግርዎ እረፍት የሚያጣ ከሆነ የደም ማነስና የብረት እጥረት እንዲመረመርልዎ፣ ክብደት ከቀነሱና ሙቀት ከበዛብዎ የእንቅርት ዕጢ ምርመራ እንዲደረግልዎ ይጠይቁ። ምንም ነገር ደስ አልል ካለዎ ወይም መኖር ካስጠላዎ ግን ቀን ሳይቆጥሩ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሌላ ሆስፒታል ይሂዱ። ብዙም ሳይተኙ ድካም ሳይሰማዎ ጉልበትዎና ንግግርዎ ከወትሮው ከበዛም እንዲሁ ያድርጉ።

ባለቤትዎም ይህን መልስ ቢያነቡት እወዳለሁ። ጠዋት ጠዋት «ዛሬስ ተኛሽ?» የሚለውን ጥያቄ ለጥቂት ሳምንታት ይተዉልዎ፤ ከፍቅር የሚመጣ ቢሆንም ሌሊቱን ሲመዝኑ እንዲውሉ ያደርግዎታል። ይልቁንም ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መጋረጃውን ከፍተው ቢቀሰቅሱዎ በእርግጥ ያግዙዎታል።