ውርጭ የመታው ድንቼ ለምን የተቀቀለ መሰለ?

ጥያቄ፦ «ድንቼ ሊያብብ ጥቂት ቀን ነበር የቀረው። ጠዋት ማሳ ስደርስ የላይኛው ቅጠል በረዶ ለብሶ ደርቆ አገኘሁት። ፀሐይ ሲያገኘው ውሃ የተደፋበት ጨርቅ መስሎ ተዝለፈለፈ። ከሰዓት በኋላ ጠቆረ። ጎረቤቴ በሽታ ነው፣ መድኃኒት ርጨው ይለኛል። ልርጨው ወይስ ነቅዬ ሌላ ልዝራ?»

መልስ፦ ለጊዜው ሁለቱንም ይተዉት። በሽታ በአንድ ሌሊት ማሳውን ሁሉ አያዳርስም። ሌት ብላይት የሚባለው የድንች በሽታ ከነጠብጣብ ይነሳል፣ ለመዛመት ቀናት ይፈጅበታል፣ አየሩ እርጥብ ሲሆን ቅጠሉን ገልበጥ ቢያደርጉት ነጭ ሻጋታ ያሳያል። የእርስዎን ድንች የመታው ውርጭ ነው።

«ውሃ የተደፋበት ጨርቅ» ማለትዎን ወድጄዋለሁ። ነገሩ እንደዚያው ነው። ውሃው ግን ከውጭ የመጣ አይደለም፤ ከቅጠሉ ከራሱ የፈሰሰ ነው።

ቅጠል በዓይን በማይታዩ ህዋሶች የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ህዋስ ከውጭ ጠንካራ ግድግዳ አለው። ከግድግዳው ሥር ደግሞ ስስ ሽፋን አለ። ግድግዳው ቅርጽ ይሰጣል እንጂ ጨውና ስኳር አያግድም። የሚያግደው ሽፋኑ ነው። ስስነቱ ደግሞ ጉድ ነው፤ የአንድ ወረቀት ውፍረት እንዲሞላ ከ10,000 በላይ ሽፋን መደራረብ አለበት።

ሽፋኑ የተሠራው ፎስፎሊፒድ ከሚባል ቅባት ነው። የዚህ ቅባት ራስ ውሃ ይወዳል፣ ጅራቱ ግን ከውሃ ይሸሻል። ስለዚህ በሁለት ረድፍ ጅራት ለጅራት ገጥመው፣ ራሳቸውን ወደ ውሃው አዙረው ይደረደራሉ። በመሃላቸው ፕሮቲኖች ተሰክተዋል። በሮቹ እነሱ ናቸው። አንዱ ውሃ ያሳልፋል፣ ሌላው ፖታሲየም፤ ጉልበት እያወጣ እንደ ፓምፕ የሚገፋም አለ። ጨውና ስኳሩ ውስጥ ተይዞ ስለሚቀር ውሃ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ህዋሱም እንደተነፋ ጎማ ይወጠራል። ቅጠል ቀጥ ብሎ የሚቆመው በዚህ ነው።

ብዙ ሰው ውርጭ ህዋሱን ውስጡ አቀዝቅዞ የሚያፈነዳው ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ አይደለም። በረዶው መጀመሪያ የሚጋገረው በህዋሶች መካከል ባለው ክፍተት ነው፤ እዚያ ያለው ውሃ ጨው ስለሚያንሰው ቶሎ ይረጋል። ከዚያ ከህዋሱ ውስጥ ውሃ እየሳበ ያድጋል። ህዋሱ ይኮማተራል፣ ሽፋኑም አብሮ ይሸበሸባል፣ ከራሱ ላይ እየቆረሰ ይቀንሳል። ጠዋት በረዶው ሲቀልጥ ውሃው ተመልሶ ይገባል። ህዋሱ ሊነፋ ሲል የቀረው ሽፋን አይበቃውም፤ ይቀደዳል። ጨርቅ ያስመሰለው ይኸው ነው።

ጥቁረቱስ? በህዋሱ ውስጥም ሌሎች ሽፋኖች አሉ፤ መገናኘት የሌለባቸውን ነገሮች ለያይተው ይይዛሉ። እነሱም ሲቀደዱ ይደባለቃል፣ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል። የተላጠ ድንች ሲቆይ የሚጠቁረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

«ጎመኔ አጠገቡ ሆኖ ለምን ተረፈ?» የሚል ገበሬም ያጋጥመኛል። ቅቤ በብርድ ይረጋል፣ ዘይት ግን ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል አይደል? ጎመንና ስንዴ ብርዱ ቀስ በቀስ ሲመጣ የሽፋናቸውን ቅባት ወደ ዘይት ባሕርይ ይለውጣሉ፣ ስኳርም ያከማቻሉ። የተለመደው ድንች በዚህ በኩል ሰነፍ ነው። ሙቀቱ ከዜሮ በታች 2 ወይም 3 ዲግሪ ሲደርስ አለቀለት።

ወደ ማሳዎ እንመለስ። የተቀደደ ሽፋን የሚጠግን መድኃኒት የለም። የሞተ ቅጠል ላይ መርጨት ገንዘብ መድፋት ነው። ግንዱን ከሥሩ አካባቢ በጥፍርዎ ፋቅ ያድርጉት። ውስጡ አረንጓዴና ጠንካራ ከሆነ ሕያው ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይታገሱ፤ ከአፈር ሥር ካለው እንቡጥ እንደገና ሊያቆጠቁጥ ይችላል። አዲስ ቅጠል ሳያዩ ዩሪያ አይጨምሩ፤ የሚጠቀምበት ቅጠል የለም። ምርቱ ይዘገያል፣ መቀነሱም አይቀርም። ግንዱ እስከ አፈሩ ከለሰለሰ ግን ያኔ ሌላ ለመዝራት ያስቡ።

ለሚቀጥለው ጊዜ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ የሌለበት ምሽት ሲያዩ ይጠርጥሩ። አፈሩ ደረቅ ከሆነ በቀን ያጠጡት፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድርና ሌሊት ይለቀዋል። ገለባ አፈሩ ላይ መጎዝጎዝ ግን ለውርጭ አይሆንም፣ እንዲያውም ያ ሙቀት ወደ ተክሉ እንዳይወጣ ያግደዋል። ማሳው ትንሽ ከሆነ ተክሉን ራሱን በጨርቅ ወይም በገለባ ከላይ አልብሱት፤ ጠዋት በረዶው ሲቀልጥ ያንሱለት።