ፒያሳ በ«ሳ»፣ ፒዛ በ«ዛ»፦ ለምን?

ጥያቄ፦ በጣልያንኛ «ፒያሳ»ም «ፒዛ»ም በድርብ ዜድ ነው የሚጻፉት። እኛ ግን አንዱን በ«ሳ»፣ ሌላውን በ«ዛ» እንጽፋለን። «ፒጻ» ቢባል አይቀርብም? ወይስ ጭራሹን «የጣልያን ቂጣ» ብለን እንገላገል?

መልስ፦ ጣልያኖች በሁለቱም ቃላት የሚያሰሙት «ት» እና «ስ» ተጣብቀው የሚወጡበትን ድምፅ ነው። አማርኛ ይህ ድምፅ የለውም። «ጸ» የሚቀርበው ቢመስልም ጉሮሮ ተዘግቶ የሚወጣ ነውና ልክ አይመጣም፤ «ፒጻ»ን እዚሁ እንሰናበተው። ጆሯችን ያንን ድምፅ ሲሰማ ወደ «ስ» ነው የሚወስደው። የመካኒኩን «ፒንሳ»፣ የሾፌሩን «ፍሪሲዮን»፣ እግርዎ ላይ ያለውን «ካልሲ» ይዩ። ሁሉም በጣልያንኛ በዜድ ይጻፋሉ፤ ሁሉም በእኛ አፍ «ስ» ሆነዋል። ከሰው አፍ በጆሮ የገቡ ናቸዋ።

«ፒዛ»ም በዚያው መንገድ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ «ፒሳ» እያልን ባዘዝን ነበር። ያልሆነበት ምክንያት ከምግቡ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው ባይ ነኝ። በወረራው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941፣ ፒዛ ገና የመላው ጣልያን ምግብ አልነበረም፤ በዋናነት የናፖሊና የአካባቢዋ ነበር። ከሰሜን የመጣ ወታደር ሳይቀምሰው አድጎ ቢሆን አይገርምም። በአገሪቱ ሁሉ የተዛመተው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ስለዚህ «መኮሮኒ» እና «ፉርኖ» ቀድመው አማርኛ ሲለምዱ፣ «ፒዛ» ዘግይቶ፣ በምግብ ዝርዝርና በማስታወቂያ ላይ ተጽፎ ደረሰ። ዓይናችን ዜዱን አየና «ዛ» አለ። የለመደውን አሁን ማረም ትርፉ ግራ ማጋባት ነው፤ «ፒዛ» ብለው ይጻፉ።

«የጣልያን ቂጣ» ግን አይሆንም። ቂጣ ሳይቦካ ይጋገራል። የናፖሊ ፒዛ ሊጥ ለሰዓታት ቦክቶ፣ በእጅ ተዘርግቶ፣ እንጨት በሚነድበት ምድጃ ውስጥ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ብቻ ይቆያል። ደግሞም ቃሉ ከምግቡ የዛሬ መልክ ይቀድማል። ከሮም በስተደቡብ ባለችው በጋኤታ፣ እ.ኤ.አ. በ997 በላቲን የተጻፈ ውል፣ ተከራዩ ለጳጳሱ ለገና 12፣ ለፋሲካም 12 ፒዛ እንዲያቀርብ ያዛል። ቲማቲም የሌለበት ፒዛ መሆኑ ነው፤ ቲማቲም ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ የተሻገረው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ሳይጠይቁኝ አንድ ልጨምር፦ «ፒዛ ማርጋሪታ» የሚለው ጽሑፍ ያሳክከኛል። ማርጋሪታ መጠጡ ነው፤ ፒዛው ማርጌሪታ ነው። ስሙ የንጉሥ ኡምቤርቶ ቀዳማዊ ሚስት የንግሥት ማርጌሪታ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1889 ናፖሊን ስትጎበኝ ራፋኤሌ ኤስፖዚቶ የተባለ ጋጋሪ በቲማቲም፣ በሞዛሬላና በበሶብላ ሠርቶ አቀረበላት ይባላል። የታሪክ ሰዎች ወሬውን ይጠራጠሩታል፤ ያው ቅልቅል በከተማዋ ቀድሞም ይታወቅ ነበር። (ከወር በፊት፣ በግንቦት፣ በዚሁ በባሏ ስም የተፈረመው የውጫሌ ውል ነበር። አንቀጽ 17 በአማርኛ አንድ፣ በጣልያንኛ ሌላ የሚለው ያ ውል! የትርጉም ስህተት ምን እንደሚያስከፍል ያኔም ታይቷል።)

ቤቱን «ፒዜሪያ» ማለትም ስህተት አይደለም። እኔ ግን ከሻይ ቤትና ከጠጅ ቤት ጎን ያለ ማብራሪያ የሚቆመውን «ፒዛ ቤት»ን እመርጣለሁ።