ክፍያ ሲጨምር መምህሩ ምን ያገኛል? ጠይቁኝ

እንግሊዝ አገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተምራለሁ። «ተማሪ የሚከፍለው የትምህርት ክፍያ ጨመረ፣ እናንተማ አለፈላችሁ» የሚሉኝ ስለበዙ ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ዶክተር፣ ክፍያው አሁን ስንት ደረሰ?
በ1998 በዓመት 1,000 ፓውንድ ተብሎ ተጀመረ። 2006 ላይ ጣሪያው 3,000፣ 2012 ላይ 9,000፣ 2017 ላይ 9,250፣ 2025 ላይ 9,535 ሆነ። ይህ ለአገሬው ልጅ ነው፤ ከውጭ ለሚመጣው ጣሪያ የለም።

ታዲያ ደሞዝ አልጨመሩላችሁም?
ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 2012 ላይ ክፍያው ሲያሻቅብ መንግሥት ለማስተማር ይሰጥ ከነበረው ድጎማ አብዛኛውን ቆረጠ። ከተማሪው የመጣው የመንግሥትን ጉድለት ሞላ እንጂ ኪሳችን አልደረሰም። ከዚያ ክፍያው ለዓመታት ባለበት ቆመ፤ ኑሮው ግን አልቆመም። ይባስ ብሎ 2018 ላይ ጡረታችንን ሊነኩብን ሲሉ 14 ቀን ሥራ አቆምን። በዚያ በረዶ በር ላይ መቆም! ጓንቴ ውስጥ ጣቴ አይሰማኝም ነበር።

የተማሪው ጠባይስ ተለወጠ?
አልወቅሰውም፣ ዕዳው የሱ ነው። አንዱ ቢሮዬ መጣና ስልኩ ላይ 9,250ን ለ240 የትምህርት ሰዓት አካፍሎ አሳየኝ፤ «አሞህ በቀረህባት ሰዓት 38 ፓውንድ ከሰርኩ»። ሂሳቡ ልክ ነው፣ ላይብረሪውንና መብራቱን ረሳ እንጂ። ከዚያ ወዲህ ጉንፋን ይዞኝም እገባለሁ።

ሥራ የሚያጣ አለ?
በሽ ነው። 2015 ላይ የተማሪ ቁጥር ገደብ ሲነሣ ስመ ጥሮቹ ተማሪውን አፈሱት፤ ሌሎቹ ጋ ወንበር ባዶ ቀረ። ወንበር ባዶ ሲሆን ትምህርት ክፍል ይዘጋል። የውጭ ተማሪ ክፍያ ምርምሩንም ይደጉማል፤ 2024 ላይ አብዛኞቹ የማስተርስ ተማሪዎች ቤተሰብ እንዳያመጡ ሲከለከል ቁጥራቸው ቀነሰ፣ ጉድለቱ እኛ ላይ አረፈ።

ከአገር ቤቱ ወጪ መጋራት በምን ይለያል?
አከፋፈሉ ይመሳሰላል፤ ሁለቱም ጋ ተመርቀህ ስትሠራ ነው የሚቆረጥብህ። ለመምህሩ ግን ለየቅል ነው። አገር ቤት ደሞዙ ከመንግሥት በጀት ስለሚመጣ ዘንድሮ ተማሪ አነሰ ተብሎ አይባረርም። ዩኒቨርሲቲዎቹ ራስ ገዝ በሆኑ ቁጥር ግን ይህ ጣጣ እዚያም መድረሱ አይቀርም ባይ ነኝ።

ልጄ፣ ሴት ልጄ ዶክትሬቷን እየጨረሰች ነው። እዚያ ላስተምር ትላለች፣ ምን ልበላት?
እናቴ፣ ትምጣ ይበሏት፤ ግን ውሉን ሳታነብ እንዳትፈርም። ቋሚ ነው ወይስ በሰዓት? ለዝግጅትና ለእርማትስ ይከፍላሉ? እኔ ሳልጠይቅ ገብቼ በመጀመሪያው ዓመት 90 ወረቀት በነጻ አርሜያለሁ።