«የሹራብ መርፌ» ስሕተት ነውን? «ሱፍ ክር»ስ?

ከጅማ፣ ከሂርማታ ገበያ አካባቢ የደረሰን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ክረምቱን ማታ ማታ እጄ ሥራ እንዳይፈታ ብዬ ሹራብ መሥራት ልማር አሰብሁ። ገበያ ወርጄ ‹የሹራብ መርፌ› ብል አንዱ ባለሱቅ የልብስ መስፊያ አወጣልኝ። ሌላው ‹ኪሮሽ ነው የሚባለው› ብሎ ጫፉ የተቆለመመ አንድ ነገር ሰጠኝ። ቤት ስመለስ ደግሞ ዘመዴ ‹ቀዳዳ የሌለው ነገር መርፌ አይባልም፤ ትክክለኛው የሹራብ ዘንግ ነው፤ ክሩም ማግ ነው› ሲል አረመኝ። ባለሱቁ ግን ክሩን ‹ሱፍ› ይለዋል። የትኛውን ልያዝ?»

«የሹራብ መርፌ» ማለት ስሕተት አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የዘመድዎ እርማት የእርሳቸው ብቻ ስላልሆነ ነው፤ መርፌን በቀዳዳው የሚተረጉም፣ ከዚያም አልፎ «የሹራብ መርፌ»ን ከፈረንጅ አፍ ቃል በቃል የተገለበጠ ነው ብሎ የሚነቅፍ ወገን አለ። የዚህ ወገን ክርክር ከግእዝ ይነሣል። «ረፍአ» ሰፋ ማለት ነው፤ በመነሻው «መ» ተጨምሮበት «መርፍእ» ሲሆን የመስፊያ መሣሪያ ስም ይሆናል፤ የግእዙ «ፍእ» በአማርኛ «ፌ» ሆኖ «መርፌ» ተባለ፤ እንግዲህ የማይሰፋ ነገር መርፌ ሊባል አይገባም ይላሉ። እርባታው እንከን የለበትም። ድምዳሜው ግን ከእርባታው አይከተልም፤ ምክንያቱም ቃሉ ከግእዝ ከወጣ በኋላ ተግባሩን ትቶ መልኩን ይዞ ሄዷል። ሐኪም ቤት ሄዶ መርፌ የተወጋ ሰው አልተሰፋም። ያኛውስ ቀዳዳ አለው ይሉኝ ይሆናል፤ ነገር ግን ያ ቀዳዳ መድኃኒት ማሳለፊያ እንጂ ክር ማስገቢያ አይደለም። እሱም ካላሳመነ መርፌ ቁልፍን ይመልከቱ፦ እናቶች የነጠላቸውን ጫፍ የሚያያይዙበት፣ የሕፃን ልብስ የሚቆልፉበት ይህ ዕቃ ክር የሚገባበት ቀዳዳ የለውም፣ አይሰፋም፣ ሆኖም መርፌ መባሉን የተቃወመ ሰው ሰምቼ አላውቅም። መርፌ ዛሬ በአማርኛ ቀጭን፣ ቀጥ ያለና ጫፉ የሾለ ነገር ነው። የሹራቡ መሥሪያም እንዲሁ ነው።

«ዘንግ» የሚለው እርማት ደግሞ ከሚያርመው ይብሳል። ዘንግ እረኛ ትከሻው ላይ የሚያጋድመው፣ ሽማግሌ የሚመረኮዘው ነው፤ ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ ከእርሳስ የማይበልጥ ነገር እንዴት ዘንግ ይባላል? ለእኔ ጣዕም ቢተው ኖሮ «የሹራብ ወስፌ» ባልሁ ነበር። ወስፌ ሰፌድና ሌማት የሚሰፋበት፣ ቀዳዳ የሌለው፣ እጀታው በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ነው፤ ከ«ሰፋ» ጋር ያለው ዝምድናም ከፊቱ ይነበባል፤ የኋላውን ቆብ፣ የፊቱን ሹል ያየ ሰው የሹራቡን መሥሪያ የወስፌ ወንድም ነው ማለቱ አይቀርም። ወስፌ ይበሳል፣ የሹራቡ ግን አይበሳም፣ በቀለበት ውስጥ ያልፋል እንጂ የሚል መልስ እንዳለው አውቃለሁ፤ ቢሆንም ቃሉን እወደዋለሁ። ግን ማንም አይለውም። ባለሱቁን «ወስፌ» ቢሉት የሰፌድ መስፊያ ነው የሚያወጣልዎ፤ በኦሮምኛ «ሊልሞ» ቢሉትም መርፌ ማለት ነውና ያንኑ የልብስ መስፊያ ነው የሚያገኙት። ስለዚህ «የሹራብ መርፌ፣ ሁለቱን» ይበሉ። «ሁለቱን» የምትለዋ ቃል ከማንኛውም የሥርወ ቃል ትንታኔ በላይ ትረዳዎታለች።

የሁለተኛው ባለሱቅ ስሕተት ከዚህ የተለየ ነው። ኪሮሽና ሹራብ ሁለት ሙያዎች ናቸው። በሹራብ ሥራ ቀለበቶቹ ሁሉ በመርፌው ላይ ተደርድረው ይቆያሉ፤ በአንዱ እጅ ካለው መርፌ እየለቀቁ ወደ ሌላው ይሻገራሉ። በኪሮሽ ግን መሣሪያው አንድ ነው፤ ጫፉ መንጠቆ ስለሆነ ክሩን እየሳበ፣ አንዱን ቀለበት ጨርሶ ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ በአብዛኛው በመንጠቆው ላይ የሚቆየው ቀለበት አንድ ብቻ ነው። ስሙም ከፈረንሳይኛ የመጣና «ትንሽ መንጠቆ» ማለት ነው። የሚወጣው ሥራ በእኛ ዘንድ «ዳንቴል» ይባላል፤ ይህም ፈረንሳይኛ ነው፣ ጫፉ ጥርስ ጥርስ ስለሚመስል ከ«ጥርስ» የወጣ። የብዙ ቤት ሶፋ፣ ቴሌቪዥንና ራዲዮ ለብሶት የኖረው እርሱ ነው። ባለሱቁ ኪሮሹን ሲሰጥዎ ዳንቴል ሊያሠራዎ ነበርና ይመልሱለት።

«ሹራብ» ራሱ መንገደኛ ቃል ነው። በሱዳንና በግብፅ ዐረብኛ «ሹራብ» ወይም «ሸራብ» የእግር ልብስ፣ ዛሬ ካልሲ የምንለው ነው፤ የመደበኛው ዐረብኛ «ጀውረብ» ዘመድ ሲሆን፣ ያንንም ሊቃውንቱ ወደ ፋርስኛ ይመልሱታል፤ የቱርኮች «ቾራፕ»ም የዚሁ ቤተ ሰብ ነው። አማርኛ ቃሉን ሲቀበል ከእግር ወደ ደረት አወጣው። ይህ ጉዞ እንዲያው ግምት እንዳይመስልዎ፣ ታላላቆቻችን «የእግር ሹራብ» እና «የእጅ ሹራብ» የሚሉት ምስክር ነው፤ «ካልሲ» እና «ጓንት» ከጣሊያንኛ መጥተው ሁለቱን ሲተኩ «ሹራብ» ለብቻው ሲቀር የላይ ልብስ ስም ሆነ። ከፀጉሩ «ሹሩባ» ጋር አንድ ነው፣ ሁለቱም ይጎነጎናሉና የሚሉ አሉ። አይጎነጎንም። ጉንጉን ቢያንስ ሦስት ዘለላ ይፈልጋል፤ ሹራብ ከዳር እስከ ዳር አንድ ክር ሊሆን ይችላል፤ ጫፉን ይዘው ቢስቡት ሙሉው እጅጌ ተተርትሮ ተመልሶ ክር ይሆናል። በዚሁ ምክንያት ቀለበቶቹን «ቋጠሮ» ማለትም አይገባም፤ ቋጠሮ በመሳብ ይጠብቃል እንጂ አይፈታም።

ይህ ባሕርይ የዘመድዎን «ማግ»ም ከሥሩ ይነቅለዋል። ማግ ያለ ድር የለም። ሸማኔው ድሩን በቁመት ወጥሮ ማጉን በመወርወሪያ በአግድም ያስገባል፤ ሁለቱ ስሞች የክሩ ዐይነት ሳይሆኑ በሸማው ውስጥ የሚይዙት ቦታ ስሞች ናቸው። ሹራብ ላይ የሚወጠርም የሚወረወርም የለም፤ ክሩ ራሱን በራሱ ይይዛል። «ማግ» አገርኛ፣ «ክር» ተራ ነው ብሎ መምረጥ ቃልን በክብሩ መምረጥ ነው፤ «ክር» ደግሞ በማዕተቡ ስንቱ አንገት ላይ ያለ ቃል ነውና ክብር የጎደለው አይመስለኝም። ሹራብን «መሸመን» ማለትም በዚሁ ይወድቃል። ለዚህ ሙያ የተለየ ግሥ አልፈጠርንም፤ «ሹራብ መሥራት» እንላለን፤ ይበቃል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «ሱፍ» ዐረብኛ ነው፤ የበግ ጠጉር ማለት ነው። የሱፊዎች ስም ራሱ ከሚለብሱት የሱፍ ካባ መጣ የሚለው አስተያየት በሊቃውንቱ ዘንድ ብዙ ደጋፊ አለው፤ ጅማ ላለ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንም። (ዘይቱ የሚጨመቅለትና ለጾም ፍትፍት የሚሆነው ሱፍ ሌላ ነው፤ በድምፅ ብቻ ተገጣጥመዋል።) ደገኛው አማርኛ ተናጋሪ ከጥጥ ጋር የኖረ ሕዝብ ስለሆነ ለበግ ጠጉር የተለየ ስም ብዙም አልፈለገም፤ «የበግ ጠጉር» ብሎ ያልፈዋል። ትንቢተ ኢሳይያስ 1፥18 ላይ ዕብራይስጡ የኃጢአትን መንጻት በበግ ጠጉር ሲመስል የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ባዘቶ» ማለቱን ልብ ይበሉ፦ ተርጓሚው ንጣትን ለማሳየት የፈለገው የተዳመጠና የተነደፈ ጥጥ ነበር። መንዞች ግን ከበጋቸው ጠጉር ፈትለው ባናና በርኖስ ሲያሠሩ ኖረዋል፤ እርሱም ይሸመናል እንጂ በመርፌ አይሠራም።

እንግዲህ «ሱፍ» ገብቶ ምን ሆነ? መጀመሪያ ጨርቁ፣ ቀጥሎ ከጨርቁ የሚሰፋው ኮትና ሱሪ «ሱፍ» ተባለ። ዛሬ ሙሽራ «ሱፍ ለበሰ» ሲባል ልብሱ ከፖሊስተር ቢሆንም ማንም ዐይኑን አያሽም። ይህን ወድጄ ባይሆንም ተቀብያለሁ፤ እዚያ ቃሉ የልብስ ቅርጽ ስም ሆኗል። ክር ላይ ግን አልቀበልም። ባለሱቁ «ሱፍ» ብሎ የሚሸጥልዎ ጥቅል አብዛኛውን ጊዜ አክሪሊክ ነው፤ አክሪሊክ በፋብሪካ ከነዳጅ ውጤቶች የሚሠራ ሰው ሠራሽ ክር ስለሆነ በግ አያውቀውም። ልዩነቱ ደግሞ የስም ብቻ አይደለም። እውነተኛው ሱፍ በፈላ ውኃ ታጥቦ ቢታሽ ጠጉሩ እርስ በርሱ ተያይዞ ይጠብቃል፣ የአዋቂው ሹራብ የልጅ ይሆናል፤ አክሪሊኩ እጥበቱን ይችላል፣ ትኩስ ካውያ ግን ያቀልጠዋል። ሱፉ እርጥበት ቢጠጣም ሙቀት ይይዛል። ጥጡ አይለጠጥም፣ ውኃ ሲይዝ ይከብዳል፣ በጅማ ክረምት ከገመድ ላይ ቶሎ አይወርድም።

በክሩ ጥቅል ወረቀት ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፤ «100 በመቶ አክሪሊክ» ወይም «80 በመቶ አክሪሊክ፣ 20 በመቶ ሱፍ» የሚል ያገኛሉ። ወረቀቱ ከወደቀ የጣት ያህል ቆርጠው በወረንጦ ይያዙና ውኃ ካለበት ሳህን በላይ ክብሪት ያስነኩት። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፣ እሳቱ ሲርቅ ይጠፋል፣ የቀረው ጥቁር ቅሪት በጣት ሲነኩት ይደቅቃል። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ግራጫ አመድ ይተዋል። አክሪሊክ እየቀለጠ ይነድና ሲቀዘቅዝ የማይደቅቅ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ይህን ያየ ሰው ሁለቱን በአንድ ስም ለመጥራት አፉ እሺ ሊለው አይገባም ነበር። ይሁን እንጂ ገበያው ከእኔ ጋር አይደለም፤ «ሱፍ ክር» የማንኛውም ለስላሳ የሹራብ ክር ስም ሆኖ ተቀምጧል፤ ይህን መካድ አይቻለኝም። እርስዎ «የበግ ነው ወይስ አክሪሊክ?» ብለው ይጠይቁ። ለመማሪያ አክሪሊክ መግዛት ምንም ነውር የለበትም፤ ርካሽ ነው፣ ቢተረትሩት መልሶ ይሠራል። ቀለሙ ነጣ ያለ፣ ጠጉር ያልበዛበት፣ መካከለኛ ውፍረት ያለው ይሁን፤ በጥቁር ክር ላይ ቀለበት መቁጠር በመብራት ለሚሠራ ጀማሪ ቅጣት ነው።

መርፌውን ሲገዙ ደግሞ «ስንት ቁጥር?» መባልዎ አይቀርም፤ «ቁጥር» የምትለዋን ቃል አይመኗት። በድሮው የእንግሊዝ አቆጣጠር ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል፤ በአሜሪካው ሲጨምር ይወፍራል፤ የእንግሊዙ 8 ቁጥር 4 ሚሊ ሜትር ሲሆን የአሜሪካው 8 ቁጥር 5 ሚሊ ሜትር ነው። በሚሊ ሜትር ይጠይቁ። ለመካከለኛ ክር 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ደኅና መነሻ ነው፤ በክሩ ወረቀት ላይም የሚስማማው መርፌ ይጻፋል፣ ለምሳሌ በ4 ሚሊ ሜትር መርፌ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት 22 ቀለበት ይይዛል ተብሎ። አስቀድመው ቁራጭ ሠርተው ይለኩ፤ እርስዎ አጥብቀው የሚሠሩ ሆነው በ10 ሴንቲ ሜትር 24 ቀለበት ከወጣዎ፣ ለ100 ሴንቲ ሜትር የደረት ዙሪያ የታቀደው 220 ቀለበት 92 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይቀራል፤ መድኃኒቱ መርፌውን በግማሽ ሚሊ ሜትር ማወፈር ነው። አሉሚኒየም ያንሸራትታል፣ ለፈጣን እጅ ነው፤ ለጀማሪ ቀለበቱን ያዝ የሚያደርገው የቀርከሃ ወይም የእንጨት ይሻላል። ከገበያ ካጡ ጅማ ባርጩማ የሚጠርቡ እጆች ያሉባት ከተማ ናትና አንዱን ባለሙያ ያማክሩ፤ ቁም ነገሩ ሁለቱ እኩል ውፍረት እንዲኖራቸውና ክሩን የሚይዝ ስንጥር እንዳይቀርባቸው በሚገባ መለስለሳቸው ነው።

የክሩን ጥቅል እኔ «ልቃቂት» እለዋለሁ፤ ከእንዝርት ወርዶ የተጠቀለለ ፈትል ስሙ ይህ ነው፣ ለፋብሪካውም ጥቅል ቢውል አይጠበውም። ሂርማታ ግን «ጥቅል» ነው የሚባለው፤ ስለዚህ ለሹራቡ የሚበቃውን ጥቅል በአንድ ቀን ይግዙ፣ በወረቀቱ ላይ ከቀለሙ ስም አጠገብ ያለው የማቅለሚያ ዙር ቁጥር በሁሉም ላይ አንድ መሆኑንም ይመልከቱ፤ በሌላ ዙር የተቀለመ ያው ሰማያዊ፣ ሱቅ ውስጥ ባይታወቅም፣ ደረት ላይ ሲደርስ መስመር ሠርቶ ይታያል።