ስለ ክርስቲያኖች ስደት የጻፉ የሮም ሰዎች ምን ያህል ይታመናሉ? ጥያቄና መልስ

(ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ መምህር፣ የሮም ታሪክ ጸሐፊው ታሲተስ ኔሮን ቄሣር በክርስቲያኖች ላይ ስላደረሰው ስደት የጻፈውን መነኮሳት በኋላ ዘመን ጨመሩት ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አልቀበለውም። ታሲተስ በ116 አካባቢ እንደ ጻፈው፣ በ64 ሮም ስትቃጠል ሕዝቡ ኔሮንን ስለ ጠረጠረ፣ ንጉሡ ጥፋቱን በክርስቲያኖች ላይ አላከከ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ የአውሬ ቆዳ ለብሰው በውሾች ተቦጫጨቁ፣ ሌሎቹም ለሌሊት ብርሃን ይሆኑ ዘንድ ነደዱ። ይህን ክፍል ያቆየልን ብራና በ11ኛው ክፍለ ዘመን በሞንቴ ካሲኖ ገዳም የተገለበጠ በመሆኑ ጥርጣሬው መነሣቱ አያስደንቅም። ሆኖም ጸሐፊው ክርስትናን አጥፊ አጉል እምነት እያለ ያወግዛል፤ ክርስቶስ በጲላጦስ ዘመን መገደሉን ሲያነሣ ስለ ትንሣኤው ምንም አይልም። ለሃይማኖቱ ምስክር ሊፈጥር የተነሣ መነኩሴ ሃይማኖቱን እንዲህ አይሰድብም። ከዚህም በላይ በ400 አካባቢ የጻፈው ክርስቲያኑ ጸሐፊ ሱልጲክዮስ ሳዊሮስ ይህንኑ ትረካ ከነአነጋገሩ ወስዶታል፤ ስለዚህ ክፍሉ ከመነኮሳቱ ቅጂ ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ይታወቅ ነበር።

ጥያቄ፦ እንግዲያው የተጻፈው ሁሉ በእርግጥ ሆኗል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ጽሑፉ የታሲተስ መሆኑና ታሲተስ የተረከው ልክ መሆኑ ለየብቻ ሊመረመሩ ይገባል። ቃጠሎው ሲደርስ እርሱ ገና ሕፃን ነበር። በታሲተስ ዘመን የነበረው ሮማዊ ጸሐፊ ስዌቶንዮስም ኔሮን ክርስቲያኖችን መቅጣቱን ሲጠቅስ ከቃጠሎው ጋር አያያይዘውም። የታሪክ ተመራማሪው ብሬንት ሾው በ2015 ከቃጠሎው ጋር የተያያዘ ስደት አልነበረም ሲል ተከራክሯል፤ ክሪስቶፈር ጆንስ ደግሞ መልስ ሰጥቶበታል። በእኔ አስተያየት ታሲተስም ስዌቶንዮስም የመሰከሩት ቅጣት መፈጸሙ የጸና ሲሆን፣ ክሱ ቃጠሎው መሆኑ ግን ያንኑ ያህል የጸና አይደለም።

ጥያቄ፦ የፕሊኒ ደብዳቤስ? ዋናው ብራና ጠፍቷል ይባላል።

መልስ፦ ጠፍቷል። በትንሿ እስያ የጳንጦስና የቢታንያ ገዥ የነበረው ሮማዊው ፕሊኒ ስለ ክርስቲያኖች ለንጉሥ ትራጃን የጻፈው ደብዳቤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከታተመ በኋላ የተገኘበት ብራና የት እንደ ገባ አልታወቀም። ነገር ግን ክርስቲያኑ ጸሐፊ ጠርጡሊያኖስ በ197 አካባቢ ደብዳቤውንም የንጉሡንም መልስ ጠቅሶ፣ ክርስቲያኖች አይፈለጉ፣ ከተከሰሱ ግን ይቀጡ የሚለው ትእዛዝ ራሱን የሚቃረን መሆኑን በብርቱ ነቅፏል።

ጥያቄ፦ በገልባጭ እጅ ያላለፈ ማስረጃ አለ?

መልስ፦ አለ፤ ከሁሉም የማከብረውም እርሱን ነው። ንጉሥ ዳክዮስ የግዛቱ ነዋሪ ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋ ባዘዘ ጊዜ፣ በ250 በግብፅ የሠዉ ሰዎች ያስፈረሟቸው የምስክር ወረቀቶች ከአርባ በላይ ፓፒረሶች (ከደንገል የተሠሩ የጥንት ወረቀቶች) ሆነው ከአሸዋ ውስጥ ወጥተዋል። በላያቸው የአመልካቹ ስም፣ መሥዋዕቱን መቅመሱና የባለሥልጣኑ ፊርማ ይነበባል። ከባለቤቶቻቸው አንዷ የጣዖት ካህን ነበረች፤ ይህም ትእዛዙ ለክርስቲያኖች ብቻ የወጣ አለመሆኑን ያስረዳል።

ጥያቄ፦ በእርግጥ ሐሰተኛ የሆኑትስ?

መልስ፦ ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካና ሐዋርያው ጳውሎስ ተጻጻፏቸው የሚባሉት ደብዳቤዎች፣ እንዲሁም ጲላጦስ ለንጉሥ ጢባርዮስ ላከ የሚባለው ደብዳቤ።

ጥያቄ፦ ዓመተ ሰማዕታት የሚባለው የቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር የሚጀምረው የዲዮቅልጥያኖስ ስደት ከታወጀበት ዓመት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ዲዮቅልጥያኖስ ከነገሠበት ከ284 ነው። የስደቱ አዋጅ የወጣው በ303 በትንሿ እስያ ከተማ በኒቆምዲያ ነው።