ከሪባኑ በኋላ ማን ይከፍላል?

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት በጀት ስደምርና ስቀንስ ነው። አሰልቺ ሥራ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜም ነው። ወደዚህ ሙያ ለምትገቡት ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሕንፃ አያታልላችሁ።

ጀማሪ ሳለሁ የአንድ ጤና ጣቢያ ግንባታ ወጪን እኔ ነበርኩ ያዘጋጀሁት። ሲሚንቶው፣ ብረቱ፣ ቆርቆሮው አንድ ሳይቀር ተሰላ። አለቆቼም አመሰገኑኝ። ሕንፃው አለቀ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሳን። ከዚያ ሁለት ዓመት ተቆልፎ ተቀመጠ። ለነርሶች ደመወዝ፣ ለመድኃኒት፣ ለመብራት ሥራ ማስኬጃ ያስያዘ ሰው የለማ! የካፒታል በጀቱ፣ ማለትም የግንባታው ወጪ፣ የእኔ ነው፤ መደበኛው በጀት፣ ማለትም በየዓመቱ የሚደጋገመው ወጪ፣ የጎረቤት ክፍል ነው ብዬ አርፌ ነበር። ጎረቤት ክፍልም ስለ እኔ እንደዚያው አስቧል።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ፕሮጀክት ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው "ስንት ይፈጃል?" ብዬ አይደለም። "በሦስተኛው ዓመት ማን ይከፍላል?" ነው። ይህን ጥያቄ የሚወድ አለቃ አላጋጠመኝም።

ጥገናን ደግሞ በተለይ ጠብቁ። ገንዘብ ሲያጥር ቀድሞ የሚቀነሰው እሱ ነው። ደመወዝ ቢቀር ሠራተኛው በማግስቱ በር ያንኳኳል። ወለድ ቢቀር አበዳሪው አይተኛም። የመንገድ ጉድጓድ ግን ዝም ብሎ ይሰፋል። ውኃ አስፋልቱ ሥር ገብቶ መሠረቱን ከበላው በኋላ ጥገና የሚባል ነገር የለም፤ እንደ አዲስ መሥራት ነው። ያኔ ወጪው ወደ ካፒታል በጀት ይዛወርና "አዲስ ፕሮጀክት" ተብሎ ይጨበጨብለታል። እኔን ይሄ ሁሌም ያስቀኛል። ሳቁ ግን የምሬት ነው።

ሥራ ማስኬጃው ተያዘ ማለትም ደረሰ ማለት አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 ኡጋንዳ ውስጥ የተደረገ ጥናት፣ ከ1991 እስከ 1995 መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሥራ ማስኬጃ ከመደበው ድጎማ በአማካይ 13 በመቶው ብቻ እንደደረሳቸው አሳይቷል። ሰነዱ ላይ ግን ገንዘቡ ወጪ ሆኗል። በኋላ የተላከው መጠን በጋዜጣ እየወጣ፣ በየትምህርት ቤቱም እየተለጠፈ ወላጆች ማየት ጀመሩ፤ የሚደርሰውም ብዙ ጨመረ።

ስለዚህ ከቢሮ ውጡና እዩ። እኔ የዚያን ጤና ጣቢያ ነገር ያወቅሁት በሌላ ጉዳይ ሳልፍ በሩ ላይ የዛገ ቁልፍ አይቼ ነው። ሪፖርቱ ላይ "መቶ በመቶ ተጠናቋል" ይል ነበር። የፈረምኩትም እኔው ነኝ።