ማረሻው ከመግባቱ በፊት

ጥያቄ፦ የቲማቲምና የሰላጣ መደቤን ለዓመታት በጥቁር ፕላስቲክ ስሸፍን ቆይቻለሁ። አሁን አፈሩ በብጥስጣሽ ተሞልቷል። አብሬ ባርሰው በጊዜ ብዛት አይበሰብስም?

መልስ፦ አይበሰብስም፤ እባክዎ ማረሻውን ያቆዩት። ሽፋኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ፖሊኤትሊን ከተባለ የፕላስቲክ ዓይነት ነው። ፀሐይ ታደርቀዋለች፣ ማረሻ ይሰባብረዋል፤ ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ሲደቅቅ ማይክሮፕላስቲክ ይባላል፤ ያን ጊዜ ከአፈር መለየት እጅግ ያስቸግራል። የሚያስጨንቀኝም ይህ ነው፤ ዛሬ ዓይንዎ የሚያየው ብጣሽ ገና በእጅ ይለቀማል። በ2020 የታተመ ጥናት፣ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች የጎን ሥሮች በሚወጡበት ስንጥቅ በኩል ወደ ሰላጣና ስንዴ ሥር ሊገቡ እንደሚችሉ አሳይቷል።

ምርቱ እንደተነሣ ሽፋኑን በሙሉ ያንሡ። በተለይ ጠርዙ የተቀበረበትን ቦታ ቆፍረው ይፈትሹ፤ ብዙ ብጣሽ የሚቀረው እዚያ ነው። የለቀሙትን ማሳው ዳር አያቃጥሉ፤ ጭሱ መርዛማ ነው።

ለሚቀጥለው ወቅት እኔ ብሆን ገለባ ወይም ደረቅ ሣር እጎዘጉዛለሁ። ፕላስቲክ ግድ ከሆነ ሳይቀደድ የሚነሣ ወፍራሙን ይምረጡ። «ኦክሶ» የተባለውን፣ ማለትም ቶሎ እንዲፈራርስ ማሟያ የተጨመረበትን ፕላስቲክ፣ ግን አይግዙ፤ ይበጣጠሳል እንጂ በወጉ አይበሰብስም፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2019 ባወጣው መመሪያ ከገበያ አግዶታል።

ኮምፖስት ከሌላ ቦታ የሚያስመጡ ከሆነም መጀመሪያ እፍኝ ያህል በትነው ይመልከቱ። የፌስታል ቁራጭ ካገኙበት ይመልሱት።